ኦክቶበር ላይ የተገኘ ደመወዝ፣ ከጃንዋሪ የሚቆጠር ዕዳ

ባለቤቴ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ የፈቃድ ፈተናዋን ያለፈችው በሴፕቴምበር 2024 ነው። ኦክቶበር ሲገባ እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያ ደመወዟን ከመቀበሏ በፊት፣ አንድ ምሽት ልጆቹን አስተኝተን የጤና መድናችንን በገዛንበት የመድን ገበያ አካውንታችን ውስጥ ገባንና የቤተሰባችን ገቢ መለወጡን አሳወቅን። እንዲህ ያለ ለውጥ በ30 ቀን ውስጥ መነገር አለበት፤ እኛ ሳምንትም አልቆየን።

ከዚያ የኖቬምበር ሂሳብ መጣ። እስከዚያ ድረስ ለሁለታችን መድን ከኪሳችን የምንከፍለው በወር 100 ዶላር ነበር፤ የኖቬምበሩ ሂሳብ 820 ዶላር ይላል። የዲሴምበሩም እንደዚያው። በጸደይ ታክስ ስናሠራ ደግሞ ገና የምንከፍለው 360 ዶላር እንዳለብን ተነገረን። ገንዘቡን ከፍለናል፤ ከባለቤቴ ደመወዝ ጋር ሲነጻጸርም ብዙ አይደለም። እኔን ሲከነክነኝ የቆየው ሌላ ነገር ነው፦ ገቢውን በትክክል ገምቶ፣ ለውጡንም በጊዜው ያሳወቀ ቤተሰብ ዕዳው ከየት መጣበት?

ይህን ለአንድ ወዳጄ ሳጫውተው ሁላችንም የምናውቀውን ተረት መለሰልኝ፦ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» ተረቱ ትክክል ነው፤ የእኛን ጉዳይ ግን አይመለከትም። እኛ መጥነን ነበር። ምጣኔያችን በተደረገበት ጊዜ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑን ያቆመው ዘጠኝ ወር ካለፈ በኋላ ነው።

ግምቱና ስሌቱ

የእኛን ቁጥሮች ላስቀምጥ፤ ነገሩ ያለ ቁጥር አይያዝምና። የምሠራበት ድርጅት ከ50 ያነሱ ሠራተኞች ያሉት ስለሆነ መድን የመስጠት ግዴታ የለበትም። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ መድን የምንገዛው ሰዉ ሁሉ ኦባማ ኬር በሚለው በኩል ነው። የእኔ ደመወዝ በዓመት 60,000 ዶላር ነበር፤ እሷ ተማሪ ስለነበረች ገቢ አልነበራትም። ለ2024 መድን መለኪያ የሆነው የድህነት መስመር ለአራት ሰው ቤተሰብ 30,000 ዶላር ስለነበር እኛ የመስመሩ 200 በመቶ ላይ ነበርን። ያን ጊዜ በሥራ ላይ በነበረው ሠንጠረዥ መሠረት በዚህ ደረጃ ያለ ቤተሰብ ለመድን እንዲያዋጣ የሚጠበቀው የገቢውን 2 በመቶ ነው፤ በዓመት 1,200፣ በወር 100 ዶላር። የመረጥነው መድን ወርሃዊ ዋጋ 820 ዶላር ስለነበር የቀረውን 720 ዶላር መንግሥት በታክስ ክሬዲት ስም በየወሩ በቀጥታ ለመድን ድርጅቱ ይከፍላል። ያ ገንዘብ በእጃችን አይገባም፤ በባንክ ሂሳባችንም አያልፍም።

ባለቤቴ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያገኘችው 15,000 ዶላር ገደማ ነው። የዓመቱ የቤተሰብ ገቢ 75,000 ሆነ፤ ማለትም የድህነት መስመሩ 250 በመቶ። በዚያ ደረጃ የሚጠበቀው መዋጮ 4 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከፍ ያለው መቶኛ የሚሰላው በተጨመረው 15,000 ላይ ብቻ አይደለም፤ በጠቅላላው 75,000 ላይ ነው። ስለዚህ የዓመቱ መዋጮ ከ1,200 ወደ 3,000 ዶላር ዘለለ። ልዩነቱ 1,800 ዶላር ነው። ለውጡን ስናሳውቅ የመድን ገበያው እስከ ኦክቶበር የተከፈለውን አይቶ፣ ለዓመቱ ከሚገባን በላይ መሆኑን ስላገኘ የቀሩትን ሁለት ወራት ክሬዲት ወደ ዜሮ አወረደው። በእነዚያ ሁለት ወራት 1,440 ዶላር ተጨማሪ ከፈልን፤ 360 ዶላሩ ለታክስ ጊዜ ተረፈ።

በታክስ ጠረጴዛው ላይ

ታክስ የሚሠሩልን እናት እዚህ አካባቢ ለብዙ ዓመት የኖሩ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ የሚሄድባቸው ሴት ናቸው። የእኔንና የባለቤቴን ደብልዩ ቱ (አሠሪ የሚሰጠውን የዓመት ደመወዝ ማስረጃ) ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ ከዚያ ከመድን ገበያው የተላከልንን ቅጽ 1095-ኤ ዘረጉት። ቅጹ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር አሥራ ሁለት መስመር፣ ሦስት ዓምድ አለው፦ የመድኑ ዋጋ፣ መለኪያ የሚሆነው የመድን ዕቅድ ዋጋ፣ በቅድሚያ የተከፈለው ክሬዲት። ሦስተኛው ዓምድ 720፣ 720፣ 720 እያለ እስከ ኦክቶበር ይወርድና ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ዜሮ ይሆናል። ዓምዱን ብቻ ያየ ሰው የቤታችንን ዓመት ያነበዋል፤ ለውጡ የቱ ላይ እንደመጣ በግልጽ ይታያል።

ቀጥለው የሞሉት የመድኑ ክሬዲት የሚሰላበትን ቅጽ 8962ን ነው። 75,000ን ለ30,000 አካፍለው 250 በመቶ ጻፉ። ከሠንጠረዡ 4 በመቶን አመጡ። 3,000 ዶላር ወጣ፤ ለ12 ሲካፈል 250። ከዚያ ይህን 250 በእያንዳንዱ ወር መስመር ላይ መጻፍ ጀመሩ፦ ጃንዋሪ 250፣ ፌብሯሪ 250፣ ማርች 250። እኔና ባለቤቴ የእሳቸውን እጅ እየተከተልን እናያለን። በጃንዋሪ መስመር ላይ ያ ቁጥር ሲያርፍ ባለቤቴ ዝም ማለት አልቻለችም።

«እትዬ፣ ጃንዋሪ ላይ እኮ እኔ ተማሪ ነበርኩ። በዚያ ወር ቤታችን የገባው የእሱ ደመወዝ ብቻ ነው» አለቻቸው።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ቅጹ ግን ወሩን አይጠይቅሽም፤ የሚጠይቅሽ ዓመቱን ነው» አሏት።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ዕዳው የመጣው ከኦክቶበር ወዲህ ባሉት ወራት ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ደመወዝ ጨምሯል፣ ስለዚህ መዋጮም ይጨምር፣ ይህ ፍትሐዊ ነው። ስሌቱ ግን እንደዚያ አይሠራም። ከ1,800ው ዶላር ውስጥ በእርግጥ ሁለት ደመወዝ ለገባባቸው ሦስት ወራት የሚደርሰው 450 ዶላር ብቻ ነው። የቀረው 1,350 ዶላር ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ላሉት ዘጠኝ ወራት የተቆጠረ ነው፤ ባለቤቴ ለሊቱን ስታጠና፣ ጠዋት ለተግባር ልምምድ ስትወጣ፣ እኔ በአንድ ደመወዝ የቤት ኪራይና የመኪና ዕዳ ስከፍል ለነበርንባቸው ወራት። በጃንዋሪ ትክክል የነበረው ክፍያ በኦክቶበር በተፈጠረ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ትክክል መሆኑ ቀረ። በዚያ መካከል ያጠፋ ሰው የለም። እኛ አላጠፋንም፤ ክሬዲቱን ያሰላው ሠራተኛም አላጠፋም።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ቀረብን። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሠራተኞች በዓመቱ መጨረሻ የሚያገኙት የታክስ ክሬዲት አለ፤ ለሁለት ልጆች ወላጆች በ2024 የሚያበቃው 62,688 ዶላር ላይ ነበር። በ60,000 ቀርተን ቢሆን 566 ዶላር ገደማ ይደርሰን ነበር፤ በ75,000 ምንም የለም። የልጆቹ ክሬዲት፣ ለእያንዳንዱ 2,000 ዶላር፣ አልተነካም፤ ለባልና ሚስት መቀነስ የሚጀምረው 400,000 ዶላር ላይ ነው። የሠራተኞቹ ክሬዲት መጥፋት ግን እንደ መድኑ አልከነከነኝም። እሱ የሚከፈለው ዓመቱ ካለቀና ገቢው ከታወቀ በኋላ ስለሆነ፣ ያልተሰጠ ነገር ነው እንጂ ተሰጥቶ የተወሰደ አይደለም። የመድኑ ክሬዲት በቅድሚያ የሚከፈለው ያለ እሱ በየወሩ 820 ዶላር አውጥቶ መድን መግዛት የሚችል የእኛ ዓይነት ቤተሰብ ስለሌለ ነው፤ ይህ ትልቅ ቸርነት መሆኑን አልክድም። ቅድሚያ መከፈሉ ግን ቤተሰቡን ገና ያልመጣ ገቢውን እንዲያውቅ ያስገድደዋል።

በአንድ ቤት ሁለት ሕግ

ከዚያ ጠረጴዛ ከተነሳን በኋላ ስመላለስበት የቆየሁት ነገር የልጆቻችን መድን ነው። ልጆቹ ያሉት ከእኛ ጋር አይደለም፤ ፋሚስ በሚባለው የቨርጂኒያ የሕፃናት መድን ነው። እናታቸው ሥራ ስትጀምር የወሩ ገቢያችን ከፋሚስ ጣሪያ በብዙ አለፈ። ሆኖም ልጆቹን የነካቸው ነገር አልነበረም። ከጃንዋሪ 1፣ 2024 ጀምሮ በመላ አሜሪካ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት፣ ከ19 ዓመት በታች ያለ ልጅ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚሰጠው የመንግሥት መድን፣ በሜዲኬይድ፣ ወይም በሕፃናት መድን ፕሮግራም ውስጥ አንዴ ከገባ፣ የወላጆቹ ገቢ መካከል ላይ ቢጨምርም እንኳ ለ12 ወር አይወጣም። ገቢው እንደገና የሚታየው የእድሳት ጊዜ ሲደርስ ነው። ያለፉትን ወራት መልሶ የሚያሰላ፣ ለጃንዋሪ በኦክቶበር የሚያስከፍል የለም።

እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ የደመወዝ ጭማሪ፣ ሁለት የተለያየ ነገር ሆነ። ለልጆቹ ሕጉ «የተወሰነው በተወሰነበት ጊዜ ትክክል ነበር፤ ለውጡን ከሚቀጥለው ጀምሮ እናየዋለን» አለ። ለወላጆቹ «የተወሰነው ጊዜያዊ ነበር፤ እውነተኛው ውሳኔ ዓመቱ ሲያልቅ ነው» አለ። የመጀመሪያው መንገድ የሚሠራ መሆኑን በገዛ ቤታችን አይተናል። መንግሥት በዚህ የሚያጣው ገንዘብ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ያንን ኪሳራ ለልጆች ሲል ተቀብሎታል፣ ለሚሠሩ ወላጆችም ከፊሉን ሊቀበል የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚህም በላይ የገረመኝ፣ ያው ቅጽ 8962 ራሱ ዓመትን ከፋፍሎ ማየት ያውቅበታል። ታክስ የሚሠሩልን እናት ገልጠው አሳዩን፤ የቅጹ አምስተኛ ክፍል በዓመቱ ውስጥ ለተጋቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ሁለት ሰዎች ዓመቱን ሳይጋቡ ጀምረው ኦክቶበር ላይ ቢጋቡና የሁለቱ ገቢ ተደምሮ የተከፈለላቸውን ክሬዲት ከሚገባቸው በላይ ቢያደርገው፣ ከጋብቻው በፊት ለነበሩት ወራት የተለየ ስሌት መጠቀም ይፈቀድላቸዋል። ሕግ አውጪው የጋብቻ ቀን ያለፉትን ወራት መለወጥ እንደሌለበት አስቧል ማለት ነው። ሥራ የተጀመረበት ቀንስ? ደመወዝ ወደ ቤት መግባቱ ከጋብቻ ያነሰ ግልጽ አይደለም፤ ቀኑም በአሠሪው መዝገብ ላይ ተጽፏል።

ዕቁብ የጣለ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ዕቁብተኛ ዙሩ ከተጋመሰ በኋላ ደመወዙ ቢጨምር፣ በሚቀጥለው ዙር ከፍ ያለ እጣ ይግባ ይባላል እንጂ፣ ያለፉትን ሳምንታት በአዲሱ ደመወዝህ ልክ አሟላ የሚል ሰብሳቢ የለም።

በብሪታንያ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። እዚያ ከ2003 ጀምሮ የሚሠሩ ቤተሰቦች ይቀበሉት የነበረው የታክስ ክሬዲት በዓመት ገቢ ላይ ተመሥርቶ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይከፈል ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ በትርፍ የተከፈለው ወደ 2 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ሆነና ያንን ከቤተሰቦች መልሶ መሰብሰብ ትልቅ ምሬት አስከተለ። ከዚያ በኋላ በ2006 በዓመቱ ውስጥ ከመጣ የገቢ ጭማሪ እስከ 25,000 ፓውንድ ድረስ ያለው በዚያው ዓመት ክሬዲት ላይ እንዳይቆጠር ተደረገ። ኋላ ላይ ወደ 10,000፣ ወደ 5,000፣ በመጨረሻም በ2016 ወደ 2,500 ወርዶ፣ ክሬዲቱ ራሱ በኤፕሪል 2025 ተዘጋ። ቢዘጋም፣ ለጥቂት ዓመታት አንድ ትልቅ አገር «ዘንድሮ የመጣውን ጭማሪ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ እንቆጥረዋለን» ብሎ ኖሯል። የባለቤቴ 15,000 ዶላር በዚያ ደንብ ቢታይ የ2024 ስሌታችን ላይ ምንም አይጨምርም ነበር።

ከ2026 ወዲህ

የእኛ ጉዳይ ያኔ አብቅቷል። የባለቤቴ አሠሪ መድን ከጃንዋሪ 2025 ስለጀመረልን ከመድን ገበያው ወጥተናል። ነገሩን አሁን እንድጽፍ ያደረገኝ ሁኔታው ለሌሎች በጣም እየከበደ መምጣቱ ነው።

እኛ በ2024 የተጠቀምንበት ሠንጠረዥ በ2021 የወጣና ለጊዜው የተራዘመ ነበር፤ በ2025 መጨረሻ አበቃ። ለ2026 በወጣው ሠንጠረዥ በድህነት መስመሩ 250 በመቶ ላይ ያለ ቤተሰብ የሚጠበቅበት መዋጮ 4 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 8.44 በመቶ ነው። የ400 በመቶው ገደብም ተመልሷል። ለአራት ሰው ቤተሰብ ያ ገደብ 128,600 ዶላር ነው፤ ከዚያ በአንድ ዶላር ያለፈ ቤተሰብ ክሬዲቱ ሙሉ በሙሉ ይቀርበታል፣ በየወሩ የተከፈለለትንም ይመልሳል። ድሮ ከ400 በመቶ በታች ላለ ቤተሰብ የሚመለሰው ገንዘብ ጣሪያ ነበረው፤ በጁላይ 2025 በተፈረመው ሕግ ያ ጣሪያ ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ ተነስቷል። አሁን በትርፍ የተከፈለው ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው ዶላር፣ ይመለሳል።

ይህ በተለይ የሚያሳስበኝ ለአሽከርካሪዎቻችን ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲና ኡበር የሚነዳው ወገናችን ብዙ ነው፤ ገቢው ከሳምንት ሳምንት አይመሳሰልም። ከዚያ ላይ የሚቆጠረው ገቢ በስልኩ ላይ የሚያየው ቁጥር አይደለም፤ የማይሉ ወጪ (በ2024 በማይል 67 ሳንቲም ነበር) እና ሌላው ሁሉ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። በዲሴምበር የመድን ማመልከቻ ሲሞላ የሚመጣውን ዓመት ትርፉን እንዲናገር ይጠየቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ነገር ግን ይህን ያህል የሚጠረጥር፣ የቤንዚኑን ዋጋና የመንገደኛውን ብዛት ከዓመት በፊት የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል?

ማቅለያ መንገዶች እንዳሉ ታክስ የሚሠሩልን እናት ነግረውናል። አንዱ በጡረታ ሂሳብ ማስቀመጥ ነው፤ እስከ ኤፕሪሉ የታክስ ቀን ድረስ በባህላዊው የግል ጡረታ ሂሳብ የሚገባ ገንዘብ ካለፈው ዓመት ገቢ ላይ ሊቀነስ ይችላል። እኛ 5,000 ዶላር ብናስገባ ገቢያችን 70,000 ሆኖ ይቆጠርና መዋጮው ከ600 ዶላር በላይ ይወርድ ነበር፤ 360ው ዕዳ ጠፍቶ ተመላሽም ይኖረን ነበር። በዚያ ወቅት ግን ከትምህርት ቤት ክፍያ በኋላ 5,000 ዶላር በእጃችን አልነበረም። ሌላው መንገድ ክሬዲቱን በሙሉ በቅድሚያ አለመውሰድ ነው፤ ከሚፈቀደው ላይ የተወሰነውን ብቻ በየወሩ ወስዶ የቀረውን ለታክስ ጊዜ መተው ይቻላል። ሁለቱም መንገዶች ትርፍ ገንዘብ ላለው ሰው የተሠሩ ናቸው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ኡበር የሚነዳ ወንድማችን ቆም አድርጎኝ፣ ሚስቱ ከትምህርት ልትወጣ መሆኗን ነግሮኝ፣ «ሥራውን አሁን ትጀምር ወይስ እስከ ጃንዋሪ ትጠብቅ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንድትጀምር ነው የነገርኩት። አሠሪዋ መድን የሚሰጥ ከሆነ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቃ ትወቅ፤ ለውጡን በዚያው ሳምንት አሳውቁ፤ የቀጣዩ ወር ሂሳብ እጥፍ ድርብ ሆኖ ቢመጣ አትደንግጡ፤ ከመጀመሪያው ደመወዟ ጀምሮ ለኤፕሪል የሚሆን አስቀምጡ። የጣሪያውን መነሳትም ነገርኩት፤ አልሰማም ነበር። ሚስቱ በሚቀጥለው ወር ትጀምራለች።